ጊዜን ስለ መመለስ፦ የቤተሰብ ፋንታሲና የልዕለ ኃያላን ፊልሞች በአንድ ተራ ተመልካች ዓይን

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የፊልም ባለሙያ አይደለም። ስለ ካሜራ አያያዝም ሆነ ስለ ብርሃን አጠቃቀም ለመናገር የሚያስችል ሥልጠና የለውም። ሥራው ሥነ ጽሑፍ ማስተማር፣ በተለይም የልብ ወለድና የሥነ ቃል ኮርሶችን መስጠት ነው። እዚህ የሚነሡት ፊልሞችም ለጥናት ተብለው የተመረጡ ሳይሆኑ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ከአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጋር የታዩ ናቸው። ስለዚህ አንባቢ የሚያነበው የምርምር ውጤት ሳይሆን የአንድ ተራ ተመልካች አስተያየት መሆኑን ከወዲሁ ቢያውቅ መልካም ነው። አስተያየቱ ግን በትምህርት ክፍላችን በየዓመቱ ከምናነሣው ከአንድ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው፤ ይኸውም ምናባዊ ትረካ የፈለገውን ሁሉ ማድረግ ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ተማሪዎቻችን ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ፋንታሲ ስለሆነ ይቻላል። ሰው ቢበር፣ እንስሳ ቢናገር፣ የሞተ ቢነሣ ምን ይገርማል? የተረት ዓለም አይደለም ወይ? አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ ከሌላው ጫፍ ይነሡና እነዚህ ፊልሞች የመሸሻ ትረካዎች ስለሆኑ ለኂስ አይበቁም ይላሉ። ሁለቱ ወገኖች የተቃረኑ ቢመስሉም ሥራውን በሕግ አለመጠየቅን በተመለከተ የሚስማሙ ይመስለኛል። አንደኛው በፍቅር፣ ሌላው በንቀት ያልፈዋል።

የእኔ አመለካከት የተለወጠው በማስተርጎም ነው። ልጁ የእኅቴ ልጅ ሲሆን እንግሊዝኛው ገና ፊልም ለመከታተል አልደረሰም፤ በመሆኑም አጠገቡ ተቀምጬ ንግግሩን በአማርኛ የምነግረው እኔ ነኝ። ይህ ሥራ ሳያስቡት ሀያሲ ያደርጋል። ብቻዎን ሲያዩ የሙዚቃው ኃይል፣ የምስሉ ፍጥነት ይወስድዎታል፤ ሴራው የላላበትን ቦታ ሳያስተውሉት ያልፋሉ። «አሁን እንዲህ ያደረገው እንዲህ ስለሆነ ነው» ብሎ ጮክ ብሎ መናገር ግን «ስለሆነ» የሚለውን ቃል ይጠይቃል። «ስለሆነ» የጠፋበት ቦታ ላይ አስተርጓሚው ዝም ይላል፤ ልጁም ዞሮ ያየዋል። የልጁ አባት እነዚህን ፊልሞች ማየት ከመጀመራችን ከአንድ ዓመት በፊት ማረፉን እዚህ ላይ መግለጽ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ቀጥሎ የማነሣው ጥያቄ ለምን እንደከበደኝ አይገባም።

የመጀመሪያው ፊልም በሪቻርድ ዶነር ዳይሬክተርነት የተሠራው የ1978ቱ «ሱፐርማን» ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ራሴ በልጅነቴ ያየሁት ስለሆነ በኩራት ነበር የመረጥኩለት። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ዛሬም ያስደስታል። ክሪፕተን የምትባለው ፕላኔት ስትጠፋ ወላጆቹ ሕፃኑን ወደ ምድር ይልኩታል፤ ጆናታንና ማርታ ኬንት የሚባሉ ገበሬዎች አግኝተው ያሳድጉታል። ከዚያም አንድ ቀን አሳዳጊ አባቱ በልብ ድካም በድንገት ወድቆ ይሞታል። በቀብሩ ላይ ወጣቱ ክላርክ ለእናቱ የሚናገረው ነገር የፊልሙ ምሰሶ ነው፤ ያን ሁሉ ኃይል ይዞ አባቱን ማዳን አለመቻሉን ነው የሚናገረው። ሰፊ ሜዳ፣ ጥቂት ሰዎች፣ አንድ መቃብር፤ ሌላ ነገር የለም። ልዕለ ኃያሉ የኃይሉን ወሰን የሚያውቀው እዚህ ነው። ትረካው ከተመልካች ጋር ውል ገባ ማለት ይቻላል፦ ይህ ሰው ብረት ያጎብጣል፣ ይበርራል፣ ሞትን ግን አይችልም።

ውሉ የሚፈርሰው በመጨረሻ ላይ ነው። ሌክስ ሉተር ሁለት ሚሳይሎች ይተኩሳል፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው በካሊፎርኒያ ወደሚገኘው የሳን አንድሪያስ የመሬት ስንጥቅ ያመራሉ። ሱፐርማንን ከወጥመድ ያወጣችው ሴት እናቷ የምትኖረው በምሥራቅ በኩል ስለሆነ አስቀድሞ ያኛውን እንዲያቆም ቃል ታስገባዋለች። ቃሉን ይጠብቃል፤ ቃሉን በመጠበቁም ይዘገያል። መሬት ይንቀጠቀጣል፣ ሎይስ ሌን በመኪናዋ ውስጥ እንዳለች አፈር ይውጣታል። እንግዲህ ይህ በየትኛውም መመዘኛ የተዋጣለት የትራጄዲ ግጭት ነው። ጀግናው የዘገየው በድክመቱ ሳይሆን በታማኝነቱ ነው። ይሁን እንጂ ፊልሙ ይህን ሁሉ ከገነባ በኋላ አይሸከመውም። ሱፐርማን ጮሆ ወደ ሰማይ ይወነጨፋል። የወላጅ አባቱ የጆር-ኤል ድምፅ በሰው ልጅ ታሪክ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክለዋል፤ የሟች አሳዳጊ አባቱ ድምፅ ደግሞ ወደ ምድር በምክንያት እንደመጣ ያስታውሰዋል። የሁለተኛውን ይሰማና ምድርን በፍጥነት እየዞረ መሽከርከሯን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ጊዜም ይመለሳል። ሎይስ ምንም እንዳልሆነ በመኪናዋ አጠገብ ታማርራለች።

ልጁ ወዲያው አልተናገረም። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ አባቱን ለምን አልመለሰውም?» አለኝ።

«ያኔ መብረር ገና አልቻለም ነበር» አልኩት።

«አሁንስ? አሁን ለምን አይመልሰውም?»

የማስተረጉመው ነገር አጣሁ። ጥያቄው የሐዘን ብቻ ሳይሆን የመዋቅርም ጥያቄ ነበር። ፊልሙ ራሱ የሟች አባቱን ድምፅ አስነሥቶ ሌላ ሰው እንዲያድንበት ሲያደርግ፣ ድምፁን ያሰማው ሰው ግን በመቃብሩ እንደተኛ ቀረ። ልጁ የጠየቀው ፊልሙ ሊሰማው ያልፈለገውን ነው።

አሪስቶትል በ«ፖዬቲክስ» የሴራ መፍቻ ከራሱ ከሴራው መውጣት እንዳለበት ያስተምራል፤ የዩሪፒደስን «ሜዲያ» የሚነቅፈውም በመጨረሻ ላይ በሚመጣው ማሽን ምክንያት ነው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ የማይቻል ሆኖ የሚታመን ነገር፣ የሚቻል ሆኖ ከማይታመን ነገር ይመረጣል የሚል ሐሳብም አለ። ሁለቱን አያይዘን ካየናቸው የተማሪዎቻችን መልስ የሚሳሳትበት ቦታ ይገለጻል። ሰው መብረሩ አያስቸግርም፤ ከመጀመሪያ የተሰጠ ነው። የሚያስቸግረው ትረካው ራሱ ያበጀው ሕግ ያለ ዋጋ መሻሩ ነው። ሥነ ቃል ለምናጠና ሰዎች ይህ አዲስ አይደለም። ፕሮፕ በ1928 ባሳተመው የሩሲያ ተረቶች ትንተናው ክልከላና የክልከላ ጥሰት ተከታትለው እንደሚመጡ፣ ጥሰቱም መዘዝ ይዞ እንደሚገባ አሳይቷል። በሱፐርማን ክልከላውም ጥሰቱም አለ፤ የጠፋው መዘዙ ነው። ጊዜው ሲመለስ እንኳ ያ የመጀመሪያው ሚሳይልና የተሰጠው ቃል ምን እንደሆኑ የሚነግረን የለም።

ለፊልሙ መከራከር እንደሚቻል አውቃለሁ። በአባቱ ሞት ጊዜ አቅም አጣ፣ በሎይስ ጊዜ እምቢ አለ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሞት ለሁለተኛው አዘጋጀው የሚል ክርክር አለ፤ ቀላል አድርጌም አላየውም። ስሜቱ ይሠራል፤ የክሪስቶፈር ሪቭ ፊትም ይህን ስሜት ይሸከማል። ሆኖም በዚህ ንባብ ከተስማማን የአባትየው ሞት የሰው ልጅ ዕጣ መሆኑ ቀርቶ የክህሎት ማነስ ይሆናል፤ ያኔ የልጁ «አሁንስ?» ይበልጥ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ጉዳዩ በከፊል የሥራ ሂደት ውጤት እንደሆነም ይታወቃል፤ የመጀመሪያውና ሁለተኛው ፊልም በአንድነት ሲቀረጹ ጊዜን የመመለሱ መፍትሔ ለሁለተኛው የታሰበ ነበር፤ ኋላ ለመጀመሪያው ማሳረጊያ ሆነ። ከሌላ ቤት የመጣ በር ነውና አለመግጠሙ አይደንቅም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በአልፎንሶ ኩዋሮን ዳይሬክተርነት በ2004 የወጣውን «ሃሪ ፖተርና የአዝካባኑ እስረኛ» አየን። ይህኛው በጄ.ኬ. ሮውሊንግ የ1999 ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ ነው። እውነቱን ለመናገር በፍርሃት ነበር የጀመርኩት፤ ይህም ፊልም ጊዜን ይመልሳልና። ደግሞም ጀግናው አባትና እናቱን ያጣ ልጅ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሃሪና የክርስትና አባቱ ሲሪየስ ብላክ በአንድ ሐይቅ ዳር ወድቀው ነፍስ መጣጭ ፍጡራን ይከቧቸዋል። ሊያልቁ ሲሉ ከሐይቁ ማዶ ብርሃን ይወጣል፤ ብርሃኑ የአጋዘን መልክ አለው። ሃሪ ራሱን ከመሳቱ በፊት ማዶ የቆመ ሰው ያያል፤ አባቱ ነው ብሎ ያምናል። በኋላ ሄርማዮኒ አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው የጊዜ መሣሪያ ሁለቱ ልጆች ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ሃሪ አሁን ከሐይቁ ማዶ ነው። ራሱን ሲሞት እያየ አባቱን ይጠብቃል። ማንም አይመጣም። ሄርማዮኒ ማንም እንደማይመጣ ትነግረዋለች። ያኔ ከዛፎቹ መሐል ወጥቶ ብርሃኑን ራሱ ይልከዋል። ያየው ሰው እሱው ነበር።

ብርሃኑ መጀመሪያ የታየ ጊዜ ልጁ «አባቱ ነው፣ አይደል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። መጽሐፉን ስለማውቅ መልሱን አውቃለሁ። የአስተርጓሚ ሥራ ግን የገጸባሕርይውን ቃል ማድረስ ነውና «አባቴ ነው ብሎ ያስባል» አልኩት። ሃሪ ከዛፎቹ መሐል ሲወጣ ልጁ ወደ እኔ አልዞረም። «ራሱ ነበር» አለ፤ ትንሽ ቆይቶም ደገመው።

ልዩነቱ ከቴክኒክ አንጻር ሲታይ ይህ ነው። በሱፐርማን ጊዜ ሲመለስ የተፈጸመው ይሻራል፤ የመጀመሪያው ትረካ ተሰርዞ ሌላ ይጻፋል። በአዝካባኑ እስረኛ ግን ምንም አይሻርም። አስቀድመን ያየነው ሁሉ እንዳለ ይቆያል፤ የሚለወጠው የምናይበት ቦታ፣ ማለትም አንጻሩ ነው። በመስኮት ገብቶ ማሰሮ የሰበረው ድንጋይ ከየት እንደመጣ፣ ተኩላ የሆነውን ሰው ከልጆቹ ያራቀው ጩኸት የማን እንደነበር በሁለተኛው ዙር እንረዳለን። የጊዜ መሣሪያው በመሠረቱ የአተራረክ መሣሪያ ነው፤ የአጭር ልብ ወለድ ኮርስ ላይ ስለ አንጻር ስናስተምር ልንጠቅሰው የሚገባ ምሳሌ ይመስለኛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሞተው ሰው አይነሣም። ጊዜ ተመልሶ እንኳ አባት አይመጣም፤ ይህ ሐቅ ሴራውን ከማፍረስ ይልቅ ይፈታዋል።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ይህን የመሰለ አስፈሪ መሣሪያ ለአንዲት ተማሪ የሚሰጣት ተደራራቢ ክፍለ ጊዜዎችን እንድትከታተል ነው መባሉ ያስቃል፤ የኮርስ ድልድል የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ትዕይንት በቅናት ያየዋል። «ታዲያ ለምን ሌላ ጊዜ አይጠቀሙበትም?» የሚለው ጥያቄ ደራሲዋንም ሳያስቸግራት አልቀረም፤ በ2003 በወጣው በአምስተኛው መጽሐፍ ውስጥ መሣሪያዎቹ ተሰባብረዋልና። መሰባበራቸው ራሱ የሕግ ስሜት ነው።

ቶልኪን በ1939 ስለ ተረት በሰጠው ንግግር፣ በኋላም በጽሑፍ ባወጣው፣ ከላይ የጠቀስኩትን የመሸሽ ክስ ተቃውሟል፤ የእስረኛ ማምለጥና የወታደር መክዳት አንድ አይደሉም ይላል። ለእኔ ይበልጥ የሚጠቅመኝ ግን እዚያው ስለ ድንገተኛው የደስታ መታጠፊያ ያለው ነው። ያ መታጠፊያ ዳግመኛ ይመጣል ተብሎ የማይታመንበት ነው፤ የሐዘንን መኖር አይክድም። ሱፐርማን ምድርን መዞር ከቻለ ነገም ይችላል፤ ስለዚህ ደስታው ጸጋ ሳይሆን ችሎታ ነው። ችሎታ ከሆነ ደግሞ ያልዳነ ሁሉ ያልዳነው ስላልተፈለገ ነው ማለት ይሆናል። አንድ ልጅ ይህን ማሰብ ሲጀምር ማየት አልፈልግም።

ስለ «አቬንጀርስ» ብዙ የምለው የለኝም። በ2019 የወጣው «ኤንድጌም» 181 ደቂቃ ይፈጃል፤ በተከታታዩ ውስጥ ሃያ ሁለተኛው ፊልም ሲሆን እኔ ከቀደሙት ያየሁት አራት ብቻ ነው። እዚህ ሚናችን ተገለበጠ፤ ማን ማን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ልጁ ነበር። የሩሶ ወንድማማቾች በ2018ቱ ፊልም የፍጥረትን ግማሽ በአንድ የጣት ማጮህ አጥፍተው በዚህኛው ይመልሱታል። ለክብራቸው መነገር ያለበት ነገር ቢኖር የሒሳብ ጥያቄውን አለመሸሻቸው ነው፦ ያለፉት አምስት ዓመታት አይሰረዙም፤ ቶኒ ስታርክ በእነዚያ ዓመታት የወለዳት ልጁ እንድትቀር ይጠይቃል፤ መጨረሻ ላይም በሕይወቱ ይከፍላል፤ ናታሻም እንዲሁ። ነገር ግን ቀድማ የሞተች ጋሞራ ከሌላ ጊዜ ተቀድታ ስትመጣ የክፍያው ክብደት ይቀንሳል። በ2018ቱ ፊልም ላይ ስፓይደርማን አመድ ሆኖ ሲበተን እኔ ደነገጥኩ፤ ልጁ ግን «ይመለሳል፣ ሌላ ፊልም አለው» አለኝ። በዚህ ዓይነቱ ተከታታይ ሥራ ሞት የሴራ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የውል ጉዳይ ሆኗል፤ ልጆች ደግሞ ይህን ከእኛ ቀድመው አውቀውታል። በብራድ በርድ የ2004 ፊልም በ«ኢንክሬዲብልስ» ውስጥ እናቲቱ ልጆቿን፣ እነዚህ ጠላቶች እንደ ቅዳሜ ጠዋት ካርቱን አይደሉም፣ ልጅ ናችሁ ብለው አይራሩላችሁም ብላ የምታስጠነቅቅበት ቦታ አለ። አንድም ሰው ተመልሶ በማይነሣበት በዚያች ንግግር ውስጥ ከሦስት ሰዓት ፍልሚያ የበለጠ ሥጋት አለ።

የቀረኝ በ2007 በጋቦር ቹፖ የተሠራው «ድልድይ ወደ ቴራቢቲያ» ነው። መሠረቱ ካትሪን ፓተርሰን በ1977 ያሳተመችው ልብ ወለድ ሲሆን ደራሲዋ የጻፈችው የልጇ የቅርብ ጓደኛ በልጅነቷ በመብረቅ ከሞተች በኋላ ነው፤ ያ ልጇም አድጎ የፊልሙን ጽሑፍ ከጻፉት አንዱ ሆኗል። ማስታወቂያው ፊልሙን በግዙፍ ፍጡራንና በጦርነት የተሞላ ጀብዱ አስመስሎት ነበር። ፊልሙ ግን ሌላ ነው። ጄስና ሌስሊ የሚባሉ ሁለት ልጆች በጫካ ውስጥ የራሳቸውን መንግሥት በምናባቸው ይፈጥራሉ፤ ወደዚያ የሚሻገሩት በገመድ ተንጠልጥለው ነው። አንድ ቀን ጄስ ከመምህሩ ጋር ሙዚየም ሲሄድ ሌስሊ ብቻዋን ትሻገራለች፤ ገመዱ ይበጠሳል። አደጋውን አናይም። ጄስ ቤት ሲገባ ወላጆቹ ይነግሩታል፤ በቃ። ከዚያ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች ሁሉ አለማመን፣ ቁጣና ጥፋተኝነት ናቸው። ኃይለኛ የነበረው አባቱ ጫካ ውስጥ ተከትሎት ሄዶ ያቅፈዋል።

ፊልሙን አስቀድሜ ብቻዬን አየሁት፤ ላሳየው ወይስ ልተወው የሚለውን ለመወሰን ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። እንደ ኂስ ሰው ጥርጣሬ አልነበረኝም፤ ከተነሡት ሁሉ ለሕጉ የታመነው ይህ ነው። ፍጡራኑ የልጆቹ ምናብ ውጤት መሆናቸውን አይሸሽግም፤ ምናቡ ሌስሊን እንደማያስነሣት ያውቃል፤ ያም ሆኖ ምናቡን አይጥለውም፤ ጄስ በገመዱ ፈንታ ድልድይ ሠርቶ ታናሽ እኅቱን ያሻግራታል። የከበደኝ የኂስ ፍርድ አልነበረም። ሕግ የጠበቀ ሥራ ሁሉ ለእያንዳንዱ ተመልካች በማንኛውም ጊዜ የሚሆን አይደለም፤ ይህን በክፍል ውስጥ አንናገረውም።

በመጨረሻ ለእኅቴ ነገርኳት። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «አሳየው፤ እኔም አብሬ አያለሁ» አለች።

ሦስታችን ተቀመጥን። እስከ አጋማሹ እንደተለመደው አስተረጎምኩ። ወላጆቹ ለጄስ የሚነግሩት ቦታ ላይ ስንደርስ ልጁ እጁን አንሥቶ «ጋሼ፣ ተወው፤ ገብቶኛል» አለኝ። ዝም አልኩ። ጫካ ውስጥ አባትየው ልጁን አቅፎ፣ ጓደኛው ስትመጣ ይዛለት የመጣችውን ነገር አጥብቆ እንዲይዝ የሚነግረው ቦታ ላይ ግን እንግሊዝኛ የማትሰማው እኅቴ «ምን አለው?» ብላ ጠየቀች። እኔ አፌን ስከፍት ልጁ ቀደመኝና በራሱ አማርኛ ነገራት። ትርጉሙ ሙሉ በሙሉ ትክክል አልነበረም፤ አላረምኩትም።